ሰው ሲወጣ የወረዱት

አቶ አምባቸው መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት በድሬሰርነት፣ ቁስል እያጠቡና መርፌ እየወጉ፣ ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ሳንባቸውም አብሯቸው ጡረታ ወጥቶ ነበር። ከበሽተኞቻቸው የተጋባባቸው የሳንባ ነቀርሳ ደሴ ዓመት ከመንፈቅ አስተኝቷቸው በመርፌ ብዛት ድኗል፤ ጠባሳው ግን ቀረ። የደሴው ሐኪም ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አሳያቸው።

"ግራው ለስሙ ነው ያለው" አላቸው። "የደጋ ብርድ ጠላትዎ ነው። ከቻሉ ከኅዳር እስከ መጋቢት ቆላ ይክረሙ።"

ስለዚህ በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል አልፎ የቆላው ወባ ጋብ ሲል፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ እታገኘሁ ጋር ወደ ሾላ ሜዳ ይወርዳሉ። ሾላ ሜዳ ከወግዲ ወደ ዓባይ ግማሽ ቀን ቁልቁል የሚያስኬድ፣ ሠላሳ የማይሞሉ ቤቶች ያሉበት ሞቃት መንደር ነው። ጎረቤት ይቀልድባቸዋል። "ጡረተኞቹ እንደ ከብት ለግጦሽ ወረዱ" ይላል። እነሱም ይሥቃሉ። ከአምስት ዓመት ወዲህ አምባቸውን በሕይወት ያቆያቸው ይኸው ግጦሽ መሆኑን ያውቃሉ።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ግን የሚቀልድ ጎረቤት አልነበረም። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት መንገዱ ላይ የተተከለው የባሕር ዛፍ ቅስት ገና አልፈረሰም፤ ቀዩ ወረቀት በፀሐይ ነጥቷል። ከሥሩ ድርቁ ከቆላ ያስወጣቸው ሰዎች ጉልበታቸውን አቅፈው ይውላሉ። አምባቸው በየቀኑ በመስኮት ያዩአቸዋል።

"ዘንድሮስ እንቅር" አሉ አንድ ጠዋት። "ሰው ቆላውን ጥሎ እየወጣ እኛ ልንወርድ ነው? ምን ይሉናል?"

እታገኘሁ ገብስ እየለቀሙ ነበር። ቀና አላሉም።

"የሚሉትን ይበሉ። እዚህ ብንቀር ጥርን አያልፏትም። አምና ይህን ያሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት።"

"ብዬ ነበር።"

"እንግዲያው ይተኙ። ገብሴን ልልቀምበት።"

እታገኘሁ ሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። ከአባታቸው የወረሱትን የለጋምቦ መሬት የመሬት ላራሹ አዋጅ ወሰደው፤ ብዙም አልተከራከሩም። አንድ ልጃቸው ደግሞ በሰባ ዓመተ ምሕረት ደሴ ላይ ከተማሪ ቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ሬሳም አልተሰጣቸው፣ ልቅሶም አልተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ የቀራቸው ሥራ አንድ ነው፤ ባላቸው እንዲተነፍሱ ማድረግ። ትራስ ይደረድራሉ፣ ያቀናሉ፣ ጀርባ ያሻሉ፣ ውሃ ያፈላሉ። አንድ ሙሉ እንቅልፍ የተኙበትን ቀን ራሳቸውም አያስታውሱትም።

ከቀበሌ ሱቅ ባገኙትና ከጓሮአቸው በሰበሰቡት፣ ለሁለት ሰው እስከ መጋቢት ቆጠብ አድርገው ቢበሉት የሚያዘልቅ ስንቅ አሰናዱ። የገብስ በሶ፣ የባቄላ ክክ፣ ጥቂት የስንዴ ዱቄት፣ ስኳርና ጨው ነበር። በየዓመቱ የሚያወርዳቸው ጀብሪል የሚባል የወግዲ ባለ አጋሰስ ነው። በቅሎዋን ለአምባቸው፣ ሁለቱን አህዮች ለጭነቱ አድርጎ ኅዳር ሃያ ይዟቸው ተነሣ።

ከወግዲ እንዳለፉ መንገዱን ሰው ሞላው። ሁሉም ሽቅብ ነው። አንዳንዱ ልጅ አዝሏል፣ አንዳንዱ ምንም አልያዘም። ቁልቁል የሚሄዱት እነሱ ብቻ ነበሩ፤ ሰዉ ወደ ዳር እየወጣ ያሳልፋቸዋል። አንዲት ሴት ቆማ አየቻቸው።

"የት ልትደርሱ ነው?"

"ሾላ ሜዳ" አለ ጀብሪል።

"ሾላ ሜዳ ምን አለ ብላችሁ?"

ጀብሪል አህዮቹን ነዳ። ትንሽ ወረድ ሲሉ በትሩን ተደግፎ የቆመ ሽማግሌ የአህዮቹን ጭነት እያየ "እህል ቁልቁል ሲወርድ ገና ዘንድሮ አየሁ" አለ። ቀጠለና "አላህ በሰላም ያድርሳችሁ" ብሎ መረቃቸው። እታገኘሁ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጭነቱን ሸፈኑበት። ነጠላው ሁለቱን አህዮች እንደማይሸፍን እያወቁ ነው። አምባቸው በቅሎዋ ላይ ዐይናቸውን ጨፍነው ሄዱ።

ሾላ ሜዳ ሲደርሱ ሀሊማ በር ላይ ነበረች። ሀሊማ የሚያርፉባት ቤት እመቤት ናት፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። በየዓመቱ ከጓሮ ያለችውን ትንሽ ጎጆ በእበት ለቅልቃ፣ አልጋውን ጠፍር ለውጣ፣ ወተት ይዛ ትቀበላቸው ነበር። ዘንድሮም ጎጆዋ ተለቅልቃለች። ወተት ግን የለም። ፍየሎቹም ላሟም የሉም። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደርቆ፣ ባሏ ሰይድ የቀን ሥራ ፍለጋ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ከገባ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። የስምንት ዓመቷ መዲናና የአራት ዓመቷ ዘይነባ ከእናታቸው ቀሚስ ኋላ ቆመው እንግዶቹን ሳይሆን አህዮቹን ያያሉ።

"እትዬ፣ አብሽሩ፣ ግቡ" አለች ሀሊማ እየሣቀች። "ሰው ሁሉ ዘንድሮ አይመጡም አለኝ። እኔ ግን ወላሂ ጠርጌ ጠበቅኋችሁ።"

እታገኘሁ እጇን ሲስሙ የእጇ አጥንት ከንፈራቸውን ነካው። ያን ማታ ሀሊማ አብራችሁ ብሉ ብትባል እንቢ አለች። "እኛ በልተናል" አለች። ዘይነባ ቀና ብላ እናቷን አየቻት።

የቆላው ሙቀት እንደ ልማዱ አልከዳቸውም። በሳምንቱ አምባቸው ትራስ ቀንሰው ተኙ። በሁለተኛው ሳምንት ያለ ምርኩዝ እስከ ሾላው ዛፍ ሄደው ተመለሱ። ከንፈራቸው ላይ የነበረው ሰማያዊ ጠፋ። ከሾላው ሥር ሲቀመጡ የሚያዩት ግን ባዶ ጋጣና የተዘጋ በር ነው፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ በቃሬዛ የሚወጣ ሰው።

"ያሳፍራል" አሉ ለሚስታቸው። "ሰው ሁሉ እየከሰመ እኔ እየወዛሁ ነው።"

"ሊወዙ አይደል የወረድነው?" አሉ እታገኘሁ።

እታገኘሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ አንድ ጣሳ ዱቄት ለሀሊማ ይሰጡ ነበር። "ለጎጆው ነው፣ ኪራይ ነው" እያሉ። ጣሳዋን ለመሙላት ከራሳቸው ድርሻ የሚቀንሱትን ለአምባቸው አይነግሩም። ጾሙም ገብቶ ስለነበር ቀኑን ሙሉ አለመብላታቸውን የሚጠይቅ አልነበረም።

ውሃ የሚቀዱት ከደረቀው ወንዝ አሸዋውን በእጅ እየቆፈሩ ነው። ጉድጓዱ እስኪሞላ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን እዚያ ቁጭ እንዳሉ፣ በአንዲት ትንሽ ጥላ ሥር፣ "ይኸ ሰውዬ በሞተና እኔም በተኛሁ" የሚል ሐሳብ በልባቸው አለፈ። ደነገጡ። ማንም እንዳልሰማቸው ለማረጋገጥ ይመስል ዞር ዞር ብለው አዩ። አማተቡ። ከዚያ ውሃው እስኪጠራ ተቀምጠው አለቀሱና፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ እንስራቸውን አዝለው ተመለሱ። ይህን ሐሳብ ለንስሐ አባታቸው እንኳ የተናገሩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በታኅሣሥ አጋማሽ ዘይነባን ተቅማጥ ያዛት። አምባቸው በሁለት ቀን ውስጥ ዐይኗ ሲጎደጉድ አዩ፤ የሆዷን ቆዳ ቆንጥረው ሲለቁት እዚያው ቆሞ ቀረ። የቀራቸውን ስኳርና ጨው አስመጥተው በፈላ ውሃ በጠበጡት፤ ሀሊማን አጠገባቸው አስቀምጠው በማንኪያ ማጠጣቱን አሳዩዋት።

"ብታስመልሰውም አታቁሚ። ትንሽ ጠብቀሽ እንደገና።"

ሀሊማ ቀኑን ሙሉ በማንኪያ ስታጠጣ ዋለች። ሲመሽ ልጅቷ ሸናች፤ ውሃው ገብቶላታል። አምባቸው "አሁን ተመስገን በይ" አሏት።

"አልሐምዱሊላህ" አለች። ወዲያው ግን ፊቷን አዞረች። "አባባ፣ አንድ ነገር ደብቄአችኋለሁ። ለሰፈራ ተመዝግቤያለሁ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ምናለ ከላይ የሰው ቁጥር ተጥሎበታል። መኪና ወግዲ ድረስ ይመጣል፤ ሰዉ ውሃና ለም መሬት አለ ወደተባለ ሩቅ አገር ይወሰዳል። ሀሊማ መጀመሪያ እንቢ ብላ ነበር፤ ሰይድ ቢመለስ የት ያገኘናል ብላ። በኋላ ግን እዚያ ስንዴ ይታደላል ሲባል ጣቷን በቀለም ነክራ ፈረመች። መኪናው ለጥር መባቻ ነው።

"ይህች ልጅ በመኪና ሦስትና አራት ቀን?" አሉ አምባቸው። "አትደርስም።"

"አውቃለሁ" አለች ሀሊማ። "እዚህስ ብትቀር?"

ባልና ሚስቱ ጎጆአቸው ገቡ። ጆንያዎቹ አልጋው እግርጌ ናቸው። አንዱ ባዶ ነው፤ አንዱ ግማሽ ሆኗል።

"አብረን እንብላውና አብረን እንውጣ" አሉ አምባቸው። "ለአምስት ሰው ሦስት ሳምንት ይወስደናል። ልጅቷም ትጠነክራለች። መካነ ሰላም የእርዳታ ስንዴ ገብቷል ይላሉ። ቤታችን ባዶ ነው።"

"በጥር?"

"በጥር።"

"ውርጩ ላይ?"

"እታገኘሁ፣ እኔ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?"

እታገኘሁ እንደዚያን ቀን ጮኸው አያውቁም።

"ለእርስዎ 'ምን ቀረኝ' ማለት ቀላል ነው! የምቀረው እኔ ነኝ! ስድስት ዓመት ሙሉ ጀርባዎን ስደግፍ የኖርኩት አንድ ቀን ብድግ ብለው 'ልሙት' እንዲሉኝ ነው? ልጄን ሳልቀብር ቀረሁ። እርስዎንም በገዛ እጄ ወደ ውርጭ ልውሰድ?"

አምባቸው ሊመልሱ ሲሉ ሳል ያዛቸው። እታገኘሁ ተቆጥተው ሳለ እጃቸው ብቻውን ሄዶ ጀርባቸውን ደገፈ። ሳሉ ሲያባራ አምባቸው ቀስ ብለው ተናገሩ።

"ልሙት አላልኩም። በሽተኛ ከፊቴ ተቀምጦ መብላት አልቻልኩም፤ ሙያዬ ነው። ግን የደከምሽው አንቺ ነሽ። አንቺ እንዳልሽ ይሁን።"

እታገኘሁ ወጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ሦስት ቀን ስለዚህ ነገር ሳይነጋገሩ ዋሉ። በእነዚያ ቀናት እታገኘሁ ሁለቱንም ነገር አሰቡ። እንቢ ብል ማንም አይፈርድብኝም፣ ባሌ ነው አሉ በልባቸው። ደግሞ ዘይነባ ከማገገሟ ጎጆው በር ላይ መጥታ እየተቀመጠች፣ ምንም ሳትለምን፣ አምባቸው ሲበሉ መሬት መሬት ታያለች። እናቷ እንዳትለምን አስተምራታለች። በአራተኛው ቀን እታገኘሁ ግማሹን ጆንያ እየጎተቱ ወደ ሀሊማ ቤት ወሰዱት። ለምን እንደሆነ ለባላቸው አላብራሩም።

"ከዛሬ ጀምሮ አንድ ድስት ነው" አሉ ለሀሊማ። "አንቺ አብስዪ። እኔ እንደሁ ደክሞኛል።"

የቀረው ምናለ ነው። የተመዘገበ ሰው ያለ ይለፍ ወረቀት ከቀበሌው መውጣት አይችልም። ምናለ ሲጠራ መጥቶ ከሾላው ሥር ከአምባቸው ጋር ተቀመጠ። ገና አርባ ያልሞላው ገበሬ ነው፤ ጠመንጃውን እንደ ከባድ ሸክም ከትከሻው አወረደ።

"ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ? ሰው ከጎደለብኝ የምጠየቀው እኔ ነኝ። የገዛ እኅቴን መዝግቤአለሁ።"

"ልጅቷ በሽተኛ ናት። ሪፈር ልጽፍላት እችላለሁ" አሉ አምባቸው። "ወደ መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ። አስታማሚ እናቷ፣ ሌላዋም ልጅ ብቻዋን አትቀር።"

"እርስዎ ጡረታ ላይ ነዎት። የእርስዎ ወረቀት ምን ዋጋ አለው?"

"ምንም የለውም። ማኅተሙ ያለው አንተ ዘንድ ነው።"

ምናለ ለረጅም ጊዜ መሬቱን በጣቱ ጫረ። "ጻፉት እስቲ" አለ በመጨረሻ። አምባቸው ከደብተር ላይ በተቀደደ ወረቀት፣ እንደ ድሮአቸው በትልልቅ ፊደል፣ የበሽተኛዋን ስም፣ ዕድሜና ሕመም ጻፉ። ውሸት አልነበረበትም። ምናለ ማኅተሙን አፉ ላይ አድርጎ እፍ አለበትና መታበት። "ይህን የሚያደርግ ሊቀ መንበር እኔ ብቻ እንዳልሆን ጸልዩልኝ" ብሎ ተነሣ። እኅቱን ግን መኪናው ወሰዳት፤ በኋላ ስለ እሷ የሰማ የለም።

ለጀብሪል በመንገደኛ መልእክት ተልኮለት ጥር አምስት ቀን መጣ። አህዮቹ አልቀዋል፤ በቅሎዋ ብቻ ናት የቀረችው፤ እሷም ጎኗ ይቆጠራል። አምባቸው ዘይነባን ከፊታቸው አስቀምጠው ወጡ። ሌሎቹ በእግር ነበሩ። አሁን መንገዱ ሁሉ አንድ ወገን ነው፤ እነሱም ከሽቅበኛው ጋር ሽቅበኛ ሆኑ፤ ዞር ብሎ የሚያያቸው ሰው አልነበረም።

ወግዲ ጫፍ ላይ ሲወጡ ነፋሱ አገኛቸው። አምባቸው ጋቢያቸውን ለልጅቷ ደረብ አደረጉላት፤ እታገኘሁ ደግሞ የራሳቸውን ለአምባቸው። በማግስቱ መካነ ሰላም ሲደርሱ ሣሩ በውርጭ ነጭ ነበር። አምባቸው ከበቅሎዋ ሲወርዱ እግራቸው አልያዛቸውም፤ ጀብሪልና ሀሊማ ተሸክመው አስገቧቸው።

ሳንባ ምች ነበር። የጤና ጣቢያው ሰዎች የቀድሞ ባልደረባቸውን እቤት ድረስ እየመጡ መርፌ ወጉ። ትኩሳቱ ወረደ፣ ትንፋሹ ግን ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። እታገኘሁ እንደ ለመዱት ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ሀሊማ መጥታ ትከሻቸውን ያዘቻቸው።

"እትዬ፣ ይነሡ። እዚያ ክፍል አልጋ አንጥፌአለሁ።"

"አንቺ አታውቂበትም። ትራሱን እንዲህ…"

"ወር ሙሉ ሳያችሁ ነበርኮ። አውቃለሁ።"

እታገኘሁ ትራሱን ለቀቁላት። ሄደው ጋደም አሉ። ፀሐይ እንደወጣች የተኙ በማግስቱ ቀትር ላይ ነቁ። ሲነቁ የት እንዳሉ ለጊዜው ጠፋቸው። ከዚያ ከጓዳ የመዲና ሣቅ ተሰማ፤ አምባቸው ቁጭ እንዳሉ በተቆራረጠ ድምፅ ፊደል ያስቆጥሯታል። እታገኘሁ ለመነሣት አልቸኮሉም።

ከዚያ በኋላ ተራ ገቡ። አንዷ ስታስታምም አንዷ ስንዴ ወደሚታደልበት ሰልፍ ትሄዳለች። አምባቸው የካቲትን አልፈው፣ መጋቢት ሲጋመስ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሀሊማ ውሃ ስታቀርብላቸው ዐረፉ። እታገኘሁ ሰልፍ ላይ ነበሩ። ስንዴውን ተሸክመው ሲመለሱ የሀሊማን ጩኸት ከሩቅ ሰሙ። አምባቸውን ቀበሩ፣ ልቅሶ ተቀመጡ። ሰባት ዓመት የዘገየውን የልጃቸውንም ልቅሶ አብረው አለቀሱ። የሀሊማ ዘመዶች ነን ያሉ፣ ያልታወቁ የቆላ ሰዎች ሳይቀሩ መጥተው ዱዓ አደረጉ።

ሰይድ የመጣው ሰኔ ላይ ነው። ከጎጃም ሾላ ሜዳ፣ ከሾላ ሜዳ በምናለ ጥቆማ መካነ ሰላም። ክስት ብሎ፣ አንድ ጆንያ ዘር ተሸክሞ። ዝናቡ ጥሎ ስለነበር አልቆየም፤ ቤተሰቡን ይዞ ወረደ። ሀሊማ "ከእኛ ጋር ይውረዱ" ብላ እታገኘሁን ለመነች። እታገኘሁ "ብርድ እኔን አልጎዳኝም፤ ቤቴ ልሁን" አሉ።

አንድ ጊዜ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አልታዬ ልብስ አብረው ሲያሰጡ ደፍረው ጠየቋቸው።

"አይቆጡኝና፣ ያን እህል ባይሰጡ፣ ቆላ ብትቆዩ ኖሮ፣ ጋሽ አምባቸው ዛሬ ይኖሩ ነበር ይሆን?"

እታገኘሁ አንሶላውን ዘርግተው ጠርዙን በጣታቸው አቃኑ።

"አንድ ዓመት ይቆዩ ነበር ይሆናል" አሉ። "ሁለትም ይሆናል። እኔ እንጃ፣ አልታዬ። ያን ጊዜ በጣም ደክሞኝ ነበር።"

ከዚያ የቀረውን ልብስ ለማንሣት ጎንበስ አሉ።